ለባለ 8 ሜጋባይት 486፦ ዊንዶውስ 3.1፣ ኦኤስ/2 ወይስ ኤንቲ?

ሽቦ፦ 486 ኮምፒውተር (የድሮ ፕሮሰሰር ያለው)፣ 8 ሜጋባይት ራም። አንድ የዶስ (በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራው የድሮ ሲስተም) ፕሮግራም ከኤሌክትሮኒክ ሚዛን የክብደት ቁጥር በኮም1 (በኮምፒውተሩ የሴሪያል መሰኪያ) በ9600 ባውድ (የመላኪያ ፍጥነት) ይቀበላል። ጎን ለጎን ደብዳቤ መጻፍ ፈልጌ ዊንዶውስ 3.1 ላይ ወደ ሌላ መስኮት ስሻገር መቀበሉን ያቆማል። የአይቢኤሙ ሲስተም ኦኤስ/2 ዋርፕ 3 ወይም የማይክሮሶፍቱ ዊንዶውስ ኤንቲ 3.1 ይሻላል?

ቆላ፦ መጀመሪያ ፒአይኤፍ ኤዲተር (የዶስ ፕሮግራም በዊንዶውስ እንዴት እንደሚሠራ የሚወሰንበት መሣሪያ) ውስጥ «ባክግራውንድ» (ከኋላ ሆኖ መሥራት) ላይ ምልክት አድርግ። ያለዚያ ከመስኮቱ ስትወጣ ፕሮግራሙ ይቆማል። ከዚያ «አድቫንስድ» ግባና የባክግራውንድ ፕራዮሪቲውን (ከኋላ ሲሆን የሚያገኘውን የፕሮሰሰር ድርሻ) ከ50 ወደ 200 አሳድግ፤ «ዲቴክት አይድል ታይም»ን (ሥራ ፈት የመሰለውን ፕሮግራም ተራ የሚነሳውን) አጥፋ። ዊንዶውስ 3.1 ብዙ ሥራ ጎን ለጎን አይችልም ተብሎ ያለ አግባብ ይታማል፤ በ386 ኢንሃንስድ ሞድ (ከ386 ጀምሮ ባሉ ፕሮሰሰሮች ላይ በሚሠራበት ስልት) የዶስ ሳጥኖችን (በመስኮት የተከፈቱ የዶስ ፕሮግራሞችን) ተራ እየነጠቀ ነው የሚያሠራው። አንዱ እስኪለቅ ሌላው የሚጠብቀው የዊንዶውስ ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው ነው።

ኢንተራፕት፦ ኤንቲን እርሳው። ቢያንስ 12 ሜጋባይት ይፈልጋል፣ ፕሮግራሞችንም ሃርድዌር በቀጥታ አያስነካም። ጥንካሬው ያ ነው፤ ለአንተ ግን እንቅፋት። ኦኤስ/2 ለእያንዳንዱ የዶስ ፕሮግራም የራሱን ምናባዊ ማሽን (በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) ይሰጠዋል። ሥራ ፈት ነው ብሎ ተራውን እንዳይቀንስበት፣ በዶስ ሴቲንግስ «አይድል ሴንሲቲቪቲ»ን 100 አድርገው። ድክመቱ የኪቦርድና የማውስ ወረፋው አንድ መሆኑ ነው፤ አንድ ፕሮግራም መልእክቱን ካላነሳ ስክሪኑ የሞተ ይመስላል፣ ከኋላ ያለው የዶስ ሥራ ግን ይቀጥላል። በ8 ሜጋባይት ራሙ ስለሚያንሰው ዲስኩ ሲንገጫገጭ ትሰማለህ።

ባውድ፦ ሲስተም ከመቀየርህ በፊት የኮም1ን ቺፕ እይ። ኤምኤስዲን (የማይክሮሶፍት የኮምፒውተር መመርመሪያ ፕሮግራም) አስነሳ፣ ኮም ፖርትስ ውስጥ የዩአርት (የሴሪያል መረጃውን የሚቀበለው ቺፕ) ዓይነት ይጽፍልሃል። በ9600 ባውድ በሰከንድ 960 ፊደል፣ ማለትም በየ1 ሚሊሰከንዱ አንድ ይመጣል። 8250 የተባለው ቺፕ የሚይዘው አንድ ብቻ ነው፤ ሲስተሙ ከዘገየ ቀጣዩ ይደርብበታል። 16550ኤ የተባለው 16 ይይዛል፣ ግን ይህን ማቆያ ቋት የሚከፍተው ፕሮግራሙ ነው፤ የድሮ ፕሮግራም ከሆነ ቺፑን መቀየሩ ዋጋ የለውም።

ሽቦ፦ 8250 ይላል። ፕሮግራሙም የድሮ ነው።

ባውድ፦ እንግዲያው ሚዛኑንም ፕሮግራሙንም ወደ 2400 አውርድ፤ በፊደልና ፊደል መካከል 4 ሚሊሰከንድ ታገኛለህ። ለክብደት ቁጥር ይበቃል።

ቆላ፦ መብራት የሚጠፋበት ቦታ ከሆነ፣ ስማርትድራይቭ (የዲስክን ሥራ የሚያፋጥነው ፕሮግራም) ዲስክ ላይ ገና ያልተጻፈ መረጃ ራም ላይ ያቆያል፤ መብራት ሲጠፋ መረጃው ይጠፋል። አውቶኤክሴክ ፋይሉ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚፈጽማቸው ትእዛዞች ያሉበት) ውስጥ ከስማርትድራይቭ ትእዛዝ ቀጥሎ የዲስኩን ፊደል ብቻ፣ ያለ + ምልክት፣ ጻፍ፤ ያኔ ለንባብ ብቻ ያገለግላል።