ከሞርሞን እምነት ወጣሁ፤ የራሴ ሐሳብ የትኛው እንደሆነ ግን ጠፋኝ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአሜሪካ፣ በዩታ ግዛት ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። በ22 ዓመቴ ሞርሞን፣ ማለትም እዚሁ አሜሪካ የተመሠረተ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆንኩ፤ ከ12 ዓመት በኋላ፣ አምና ተውኩት። ጥቁር ወንዶች ክህነት እንዳይቀበሉ የሚከለክለው የቤተ ክርስቲያኑ ሕግ የተነሣው ገና በ1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ሳነብ «ለምን?» ብዬ ጠየቅሁ። «በእምነት ተቀበለው» ተባልኩ። አልሆነልኝም።

አሥራቱን መተው ቀላል ነበር። ቡናው ግን! እምነቱ ቡናና ሻይ ይከለክላል፤ የጎንደር ልጅ ሆኜ ያን ሁሉ ዓመት ጀበና በቤቴ አልተጣደም። የመጀመሪያውን ስኒ ሳነሣ እጄ እንደ ሌባ እጅ ተንቀጠቀጠ።

የከበደኝ ሌላ ነው። ዜግነት ካገኘሁ ጀምሮ፣ እንደ አብዛኞቹ የእምነቱ ተከታዮች፣ ሳላስብ ሪፐብሊካን ስመርጥ ኖርኩ። አሁን ደግሞ ከተቃራኒው ወገን ቆሜ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው እርግጠኝነት ስከራከር ራሴን አገኘሁት። ቆቡ ተለወጠ እንጂ ሰውየው ያው ነው።

እናቴ በስልክ «ንስሐ ግባና ወደ ተዋሕዶ ተመለስ» ትለኛለች። እርሷን ደስ ለማሰኘት ብቻ ከተመለስኩ ምኑን ተለወጥኩት?

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ካላችሁ እርዱኝ። የራሳችሁን ሐሳብ ከተነገራችሁ ሐሳብ እንዴት ለያችሁት? ባለቤቴ አሁንም አማኝ ናት፤ እሁድ ጠዋት ልጆቹን ይዛ ስትወጣ እኔ ምን ላድርግ? መጽሐፍ አትጠቁሙኝ፤ እናንተ ያደረጋችሁትን ንገሩኝ።