የአያቴ የግብር ደረሰኝ ተገኘ፤ ከዚህ ተነሥቼ የቤተሰባችንን ታሪክ እንዴት ልከተል?

የአሰላዋ
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ባለፈው ዓመት አረፈች። ቁም ሣጥኗን ስናስተካክል በነጠላ የተጠቀለለች የቆርቆሮ ሣጥን አገኘን። ውስጧ ያለው የወንድ አያቴ፣ ማለትም የእናቴ አባት ወረቀት ነው። እሳቸውን አላውቃቸውም። የሞቱት እኔ ሳልወለድ ነው። እናቴም ስትጠየቅ "የአሩሲ ሰው ነበሩ" ከማለት አታልፍም ነበር።

ወረቀቶቹ ሦስት ናቸው። አንዱ የመሬት ግብር ደረሰኝ ነው። የላይኛው ጥግ ስለተቀደደ ዓመተ ምሕረቱና የመሬቱ ስፋት የለም። የቀረው "ግብር 5 ብር፣ አስራት 15 ብር" ይላል። ከሥሩ "ትምህርት" የሚል መስመር አለ፤ ቁጥሩ ግን ለቅቋል። ማኅተሙ ላይ ጭላሎ አውራጃ የሚል ይነበባል። ሁለተኛው በእጅ የተጻፈ የመሬት ሽያጭ ውል ነው። ገዢው አያቴ ናቸው። ከግርጌው ሐምራዊ የጣት አሻራዎች አሉ። ቀኑ "በዘመነ ሉቃስ ፲፱፻፴፱" ይላል። ሦስተኛው አዲስ አበባ ስላለ ቤት የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ነው። "በወር 60 ብር የሚከራይ" ከሚለው በቀር አይነበብም።

ሴት አያቴ ደግሞ የጎጃም ሰው ናቸው፣ የደጋ ዳሞት። በሳቸው በኩል አንድም ወረቀት የለንም።

መሬት ላስመልስ አይደለም። ልጆቼ "የእማማ አባት ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?" ሲሉኝ አፌን ይዤ እቀራለሁ። እሱ ነው የከነከነኝ። ከየት ልጀምር?

የድሮ ግምጃ ቤት ጸሐፊ
ልጄ፣ እናትሽን ነፍስ ይማር። እኔ በ1962 በአንድ አውራጃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ደረሰኝ ስቆርጥ ነው የኖርኩት። ያ የተቀደደ ደረሰኝሽ ከምታስቢው በላይ ይናገራል።

በ1937 በወጣው የመሬት ግብር አዋጅ፣ እንደ አርሲ በጋሻ በተለካ አገር የሚከፈለው በመሬቱ ደረጃ ነበር። ለም ከሆነ በጋሻ 15 ብር ግብርና 35 ብር አስራት። ለም ጠፍ፣ ማለትም መካከለኛ ከሆነ 10 ብር ግብርና 30 ብር አስራት። ጠፍ ከሆነ 5 ብር ግብርና 10 ብር አስራት። አሁን ያንቺን እንየው። ግብሩ 5፣ አስራቱ 15 ነው። አንድ ጋሻ ጠፍ እንዳይባል አስራቱ 10 በሆነ ነበር። ለም መሬት ተከፍሎም ይህን ቁጥር አይሰጥም። የለም ጠፍን ሒሳብ ለሁለት ስትከፍይው ግን ልክ 5 እና 15 ይመጣል። አያትሽ የገበሩት ለግማሽ ጋሻ ለም ጠፍ ነው። ጋሻ 40 ሄክታር ገደማ ስለሆነ፣ 20 ሄክታር አካባቢ ማለት ነው። የተቀደደው ጥግ ላይ የነበረው ይኸው ነው።

ዓመቱንም ማጥበብ ይቻላል። የትምህርት ግብር የመጣው በ1940 ነው። የጤና ግብር ደግሞ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተጨመረ። አስራት በ1960 ቀረ። ከ"ትምህርት" ሥር "ጤና" የሚል መስመር አለ ወይ? ከሌለ ደረሰኙ ከ1940 በኋላ፣ የጤና ግብር ከመምጣቱ በፊት የተቆረጠ ነው።

ወደ ውሉ ስንመጣ ፲፱፻፴፱ ማለት 1939 ነው። ማረጋገጫም አለሽ። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍዪው። 1 ቢተርፍ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ። 1939 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ ሉቃስ ነው። ልክ ነው። በሌላ ወረቀት ላይ የመጨረሻው ቁጥር ቢጠፋብሽ ወንጌላዊው ይመራሻል።

አሁን ከሁሉ የምትበልጠውን ነገር ልንገርሽ። አዋሳኞቹን አንብቢያቸው። ውሉ "በምሥራቅ እንዲህ፣ በምዕራብ እንዲህ" እያለ የሚዘረዝርበት ቦታ አለ። ሰው ሁሉ ያንን ዘሎ የሻጩንና የገዢውን ስም ብቻ ያያል። አዋሳኝ፣ ዋስ፣ ምስክር፣ ጸሐፊ፤ የሁሉንም ስም በንጹሕ ወረቀት ገልብጪ። በዚያ ዘመን ሰው ዋስ የሚጠራው ዘመዱን ወይም የሚያምነውን ጎረቤቱን ነው። እንግዲህ ከነዚህ ስሞች አንዱ ሥጋሽ ሊሆን ይችላል።

ወረቀት ወዳጅ
አንዲት ነገር ብቻ። እባክሽ ላሚኔት እንዳታስደርጊው! ፕላስተርም አትለጥፊበት፤ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ሆኖ ቀለሙን ይዞት ይነሣል። እጥፋቱን በግድ አትዘርጊው። ጥላ ባለበት መስኮት ዳር ፊቱንም ጀርባውንም በስልክሽ አንሺ። ብዕር ወይም እርሳስ ተጭኖ የተወው ምልክት ብርሃን ከጎን ሲመታው ጎልቶ ይታያል። ሰው ጀርባውን ማንሣት ይረሳል።

የአሰላዋ
አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደረሰኙን በድጋሚ አየሁት። "ጤና" የሚል የለም።

ውሉንም እህቴና እኔ ሌሊቱን ስናነብ አደርን። በምሥራቅ ወንዝ፣ በሰሜን መንገድ፣ በምዕራብ የአንድ ቀኛዝማች መሬት ይላል። በደቡብ ያለው ግን አልገባንም። "በደቡብ የገዢው የራሱ ይዞታ" ነው የሚለው። እንዴት ነው ገዢው ሳይገዛ ይዞታ የሚኖረው?

የድሮ ግምጃ ቤት ጸሐፊ
አየሽ! ከ1939 በፊትም እዚያው መሬት ነበራቸው ማለት ነው። ይህ ግዢ ጭማሪ ነው። ስለዚህ ጥያቄሽ አሁን "መሬት መቼ ገዙ?" መሆኑ ቀርቶ "የመጀመሪያውን ከየት አገኙት?" ሆኗል። ከ1933 ድል በኋላ መንግሥት ለአርበኞች፣ ለስደት ተመላሾች፣ ለወታደሮችና ለሠራተኞች መሬት ሰጥቷል። ከዚያም በፊት በማደሪያ፣ ማለትም በደመወዝ ፈንታ ለአገልግሎት ተሰጥቶ የተያዘ ሊሆን ይችላል። ውሉ ላይ ከስማቸው ፊት ማዕረግ ካለ እሱን ይዘሽ ፈልጊ። ግን ማዕረግ ያድጋል። በአንዱ ወረቀት ባላምባራስ የተባለ ሰው በሌላው ግራዝማች ይሆናል። ሌላ ሰው ነው ብለሽ እንዳታልፊው።

ስምንም በተመለከተ የኛ አገር አጠራር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። በአንድ ወረቀት ላይ ሁለተኛ ሆኖ የተጻፈው የአባት ስም፣ ከሱ በሚቀድመው ወረቀት ላይ አንደኛ ሆኖ ይመጣል። እንደ መሰላል ነው። የክርስትና ስማቸውን ግን ዘመድ ጠይቂ፤ በቤተ ክርስቲያን ወረቀት ላይ የሚገኙት በሱ ሊሆን ይችላል። መዝገብ ስትፈልጊ ደግሞ ፊደሉን አትመኚው። በ"ሀ" ያጣሽውን በ"ሐ" እና በ"ኀ"፣ በ"ሠ" ያጣሽውን በ"ሰ" እዪው። ጸሐፊው እንደ ወደደ ነው የሚጽፈው።

የስድስት ኪሎ አንባቢ
አዲስ አበባ ካለሽ ሁለት ቦታ ሂጂ። አንዱ ሕዝቡ ወመዘክር የሚለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው። ሌላው ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። በ1958 የተቋቋመው የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር የየጠቅላይ ግዛቱን የመሬት አያያዝ አስጠንቶ ነበር። የሰው ስም አታገኚበትም፤ መሬቱ እንዴት ተይዞ እንደነበር ግን ይገባሻል። ቃላቱ ከቸገሩሽ የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን "ዝክረ ነገር" አንብቢ። ገባር፣ ማደሪያ፣ ሲሶ፣ ሰሞን የሚባለው ሁሉ እዚያ አለ። ሰነድ ለማየት ምን እንደሚያስፈልግ ቀድመሽ ደውለሽ ብትጠይቂ ከመመላለስ ትድኛለሽ።

የደጋ ዳሞት ልጅ
እቴ፣ ስለ ሴት አያትሽ እኔ ልንገርሽ።

ጎጃም ውስጥ የጋሻ መዝገብ አትፈልጊ። ቀላድ፣ ማለትም መሬትን በገመድ ለክቶ በጋሻ መመዝገብ፣ ጎጃም አልገባም። የ1937ቱ የጋሻ ተመንም እኛን አይመለከትም ነበር። የኛ ርስት የሚያዘው በትውልድ ቆጠራ ነው። አገሩን መጀመሪያ ያቀና አባት አለ። ከዚያ አባት በአባትም በእናትም እወለዳለሁ ያለ ድርሻዬን ይላል። ሴቶችም ይወርሳሉ። ስለዚህ አያትሽ ወንድም ቢኖራቸውም ባይኖራቸውም ከቆጠራው አይወጡም።

ይህ ለታሪክ ፈላጊ ትልቅ ነገር ነው። ሰው ርስት ሲከራከር ከራሱ ጀምሮ እስከ አቅኚው አባት ድረስ ስሙን በሽማግሌና በዳኛ ፊት ይቆጥራል። ክርክሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ያ ቆጠራ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይቀራል። በዘመድ መካከል የሚደረግ ሙግት ያኔ ቤት አፍርሷል። ዛሬ ግን የአያቶቻችንን ስም የምናገኘው እዚያ ነው። በ1983ቱ ለውጥ ጊዜ የተዘረፈ መዝገብ ብዙ ነው፤ ቢሆንም ጠይቂ።

ከወረቀቱ በፊት ግን ሽማግሌ ይቅደም። አገር ቤት ስትሄጂ "የቤተሰባችንን ታሪክ ንገሩኝ" አትበዪ። እንዲያ ካልሽ "ደግ ሰዎች ነበሩ" ብለው ቡና ያጠጡሻል። "ርስታችሁ በማን አባት ነበር?" በያቸው። ያኔ ወገባቸውን ቀና አድርገው መቁጠር ይጀምራሉ። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ጋብቻ ነው። እስከ ሰባት ቤት መጋባት ነውር ስለሆነ፣ ልጅ ለመዳር የቆጠረ ሰው በየመንደሩ አይጠፋም። "እኔና የእገሌ ልጅ ስንት ቤት ነን?" ስትያቸው የጎን ዘመዱ ሁሉ ይወጣል። ድምፃቸውን በስልክሽ ቅጂ፤ ፈቅደው ብቻ።

ከዚያ የአያትሽን ደብር ስም ያዢ። በጎጃምና በጎንደር የመሬት ስጦታና ሽያጭ በወንጌል ብራና ኅዳግና ባዶ ገጽ ላይ ይጻፍ ነበር፤ ሻጩ፣ ገዢው፣ ዋጋው፣ ምስክሮቹ። ብራናውን ለማየት አለቃውን በትሕትና ማስፈቀድ ነው። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ብዙ የአገራችን ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መጻሕፍት አለ። ብዙውን በኢንተርኔት በነጻ ተመዝግበሽ ታያለሽ። የደብሩን ስም ይዘሽ እዚያ ሞክሪ።

ጠበቃዋ
ስለ አዲስ አበባው ቤት ባጭሩ። ኪራዩ 60 ብር መሆኑ ጠቃሚ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ፣ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ወደ ኪራይ ቤቶች ሄዱ። ያንቺ ቤት ከተወረሰ የቀበሌ ነው የሆነው። የቀበሌዎቹ ሰነድ ዛሬ በየወረዳው ነው ያለው። ስለዚህ የሰፈሩን ስም ከዘመድ አጣሪና ከወረዳው ጀምሪ። ቤተሰቡ ይኖርበት የነበረ ከሆነ ደግሞ አንድ መኖሪያ ቤት ይፈቀድ ስለነበር ላይወረስ ይችላል፤ ያኔ ፋይሉ ክፍለ ከተማው የመሬት ቢሮ ነው።

ፋይል ለማየት ማን እንደሆንሽ መጠየቅሽ አይቀርም። የእናትሽን ወራሽነት በፍርድ ቤት አረጋግጠሽ ከሆነ ውሳኔውን ይዘሽ ሂጂ። ማመልከቻሽ ላይም "የይዞታ ጥያቄ የለኝም፣ ለቤተሰብ ታሪክ ነው" ብለሽ በግልጽ ጻፊ። መሬት ሲባል ሰው ይደነግጣል፤ ሐሳብሽን ሲያውቁ ይረጋጋሉ።

የጢዮ ልጅ
እህቴ፣ ጽሑፍሽን ሦስቴ አነበብኩት። እኔም የጭላሎ ልጅ ነኝ፤ ግን ከሌላው ወገን።

አፄ ምኒልክ አርሲን ካስገበሩ በኋላ መሬቱ እየተለካ ለመኳንንትና ለወታደር ተሰጠ። ለባላባቱ ሲሶ ቀረለት። ብዙው ገበሬ በገዛ አገሩ ገባር፣ ቆይቶም ጭሰኛ ሆነ። የኔ አያት ጭሰኛ ነበሩ። ደረሰኝ የላቸውም፤ ደረሰኝ በባለመሬቱ ስም ነው የሚቆረጠው። ያ 15 ብር አስራት ራሱ በብዙ ቦታ ከጭሰኛው ጎተራ ነበር የሚወጣው። የአያቴን ስም ለዓመታት ፈልጌ ያገኘሁት በሰው የድንበር ክርክር ውስጥ ነው፤ ምስክር ሆነው ቀርበው። "ዕድሜዬ 40፣ ሥራዬ እርሻ" ብለው አሻራቸውን አኑረዋል። ያቺን አሻራ ሳያት አለቀስኩ።

እና አንድ ልለምንሽ። ወረቀት ወዳጅ እንዳለው የደረሰኙን ጀርባ አይተሽዋል? አንዳንዴ ገንዘቡን ይዞ የመጣው ሰው ስም ይጻፍበታል።

የአሰላዋ
ወንድሜ፣ አሁን ገልብጬ አየሁት። ጀርባው ላይ በእርሳስ "አምጪ" ይልና የአንድ ሰው ስም አለ። የኦሮሞ ስም ነው፤ ከነአባቱ በደንብ ይነበባል። ቤታችን ውስጥ ማንም ሰምቶት አያውቅም። እስከ ዛሬ የመዝጋቢው ፊርማ መስሎን ነበር።

አያቴ መሬት እንደነበራቸው ሳነብ መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። መሬቱን ማን ያርሰው እንደነበር ግን አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። የኚህን ሰው ቤተሰብ ማግኘት እፈልጋለሁ። ይህ ስም ያለበትን ገጽ ቅጂውን ልሰጣቸው።

የጢዮ ልጅ
ስሙን እዚህ አደባባይ ላይ አትጻፊው፣ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ከነአዋሳኞቹ፣ በተለይ የወንዙን ስም። ከየካቲት 1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም መሬቱን ያርሱ የነበሩት እዚያው ነው የተመዘገቡት፤ ልጆቻቸውም ብዙዎቹ ከቀዬው አልራቁም። አጎቴ አሰላ ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ይወጣል። የወንዙን ስም ከነገርኩት የየትኛው መንደር ሰዎች እንደሆኑ ያውቃል።

የአሰላዋ
ላኩልህ። ወንዙ ላይ አንዷ ፊደል ደብዝዛለች፤ "ቃ" ትሁን "ቀ" እህቴና እኔ አልተስማማንም። ሁለቱንም ጽፌልሃለሁ።