ጥቆማ፦ ፀጉሩ ለሚረግፍ፣ ለሚያሳክከው ውሻ ከሻምፑው በፊት ሳህኑን እዩ

የጃክ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጃክ የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነው፤ ሦስት ዓመቱ፣ ወደ 25 ኪሎ ይመዝናል። ጾሙ ከገባ ወዲህ ፀጉሩ ደርቋል፣ ጀርባው ላይ ፎረፎር አለው፣ ሌሊት ሲያክ ያድራል። ሁለት ዓይነት ሻምፑ ቀያየርኩ፣ ለውጥ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ የምታውቁት ሻምፑ፣ ምግብ ወይም ሐኪም ካለ ጠቁሙኝ። የውጩ ደረቅ ምግብ ለሁልጊዜ አቅሜ አይፈቅድም።

የመቻል አባት፦
እህቴ፣ ሻምፑውን ለጊዜው ተይው። እኔ በውሻዬ በመቻል ላይ ሦስት ጠርሙስ ጨርሼ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

ነገሩን የገለጠልኝ ራሱ ዐቢይ ጾም ነው። ቤታችን ሁሉም ይጾማል፤ የሰፈሩ ልኳንዳ ሲዘጋ ውሻውም አብሮን ጾመ። 55 ቀን ሙሉ እንጀራ በሽሮ። ለትንሣኤ ፀጉሩ ገለባ መስሎ ነበር። ሰኔ ላይ ያለ ምንም መድኃኒት መልሶ አበራ። እኔ ሞኙ ምስጋናውን ለሻምፑው ሰጠሁ። በዓመቱ ጾሙ ሲገባ ያው ነገር ተደገመ፤ ያኔ ነው የገባኝ።

ፀጉር ማለት በአብዛኛው ፕሮቲን ነው። ውሻ በቀን ከሚያስፈልገው ፕሮቲን ሩብ የሚሆነውን ቆዳና ፀጉር ይወስዱታል። ሲጎድልበት ሰውነቱ ለልብና ለጡንቻ ያስቀድማል፣ ፀጉሩ ይጠብቃል። በዚያ ላይ እህል ብቻ ሲበላ በእህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር፣ ለቆዳ የሚያስፈልገውን ዚንክ የተባለ ማዕድን ይዞ ያስቀረዋል። የእንጀራው እርሾ ይህን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ዓይኑና አፉ ዙሪያ ወይም መዳፉ ላይ ቅርፊት የሚመስል ነገር ካየሽ የዚንክ ጉዳይ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም አሳዪው፤ በግምት የዚንክ ክኒን እንዳትሰጪው።

ሌላው ሽንኩርት ነው። ብዙ ሰው በርበሬውን ይፈራል፤ እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሽንኩርቱና ነጭ ሽንኩርቱ ነው፤ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳሉ። ወጥ የነካውን እንጀራ አቁሚ። የሻገተውንም ጨምሪበት፣ የሻጋታ መርዝ የውሻን ጉበት ይጎዳል።

አሁን ወደ ጥቆማው።

ልኳንዳ፦ «የውሻ ሥጋ» ስትያቸው ሳንባ፣ ጅማትና ጮማ ቀላቅለው ይመዝኑልሻል። ርካሽ ነው፤ ግን ግማሹ ጮማ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? እኔ ጮማውን አስወጥቼ ልብ አስጨምራለሁ። ልብ ንጹሕ ጡንቻ ነው፣ ዋጋውም ከቀይ ሥጋ ይቀንሳል። ጉበት ጥሩ ነው፤ ግን ቫይታሚን ኤው ስለሚበዛ ከሳህኑ ከአሥር አንድ አይለፍ። ሁሉንም ቀቅዪው። በተለይ የበግ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ታያለሽ፤ ጥሬውን ከበላው ውሻው አንጀት ውስጥ ትል ይሆናል፣ የትሉ እንቁላል ደግሞ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ይመጣል። ከረጢት ያለበትን አልገዛም፤ ካገኘሁም እቀብረዋለሁ። የተቀቀለ አጥንት ግን አትስጪው፣ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል።

ዘይት፦ ትልቁን ለውጥ ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ቆዳው እርጥበቱን የሚይዝበት ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል ቅባት አለ፤ ውሻ ራሱ ሊሠራው አይችልም፣ ከምግብ ማግኘት አለበት። ብርድ ሲነካው የሚረጋው የፓልም ዘይት ውስጥ ከአሥር አንድ ገደማ ብቻ ነው ያለው። ኑግ ዘይት ግን ከግማሽ በላዩ እሱ ነው። የተጣራና ያልከረመ ኑግ ገዝተሽ ለጃክ በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከሳምንት በኋላ ሁለት አድርጊለት። አትጥበሺበት፣ ምግቡ ከበረደ በኋላ አፍስሺበት። ካስቀመጠው መጠኑን ቀንሺ። ተልባም ይመከራል፤ ነገር ግን ውሻ በተልባ ውስጥ ያለውን ኦሜጋ 3 የሚባል ቅባት ቆዳው ወደሚጠቀምበት ዓይነት የሚለውጠው በጥቂቱ ነው። ለዚህ ሰርዲን ይሻላል፤ በሳምንት አንድ ቆርቆሮ፣ ጨው ያልበዛበት። የዝዋይ ቆሮሶ ዓሣ ጥሩ ፕሮቲን ነው፤ በኦሜጋ 3 ግን ሰርዲንን አይተካም።

ሥጋ ብቻውን በቂ ካልሲየም የለውም። የእንቁላል ቅርፊት አድርቄ እፈጫለሁ፤ ለግማሽ ኪሎ ሥጋ ግማሽ የሻይ ማንኪያ። ይጠቅማል ብለሽ አታብዢው፣ ካልሲየም ሲበዛ ደግሞ ዚንክን ይጋፋል።

ትዕግሥት ያስፈልጋል። ፎረፎሩ በወር ውስጥ ይቀንሳል፤ ፀጉሩ እስኪለወጥ ግን ሁለትና ሦስት ወር ጠብቂ።

ከሰሚት፦
እኔ በዚህ አልስማማም። የቤት ምግብ ይህን ሁሉ ስሌት ይጠይቃል፤ ሥራ የሚውል ሰው የእንቁላል ቅርፊት ሲፈጭ አይውልም። ደረቅ ምግብ ከጀመርኩ ወዲህ ሁለቱም ውሾቼ ያበራሉ።

የመቻል አባት፦
ወንድሜ፣ አቅም ላለው እውነትህን ነው። የተመጣጠነ ደረቅ ምግብ የኔን ድስት ያስንቃል። ግን በኪሎ እየተቆነጠረ የሚሸጠውን አትግዙ። ከረጢቱ ተከፍቶ ብርሃንና አየር ሲያገኘው ቅባቱ ይበላሻል፤ የቆየ ዘይት የሚሸት ከሆነ ለቆዳ የታሰበው ነገር አልቋል ማለት ነው። ያልተከፈተውን ገዝታችሁ ጀርባውን አንብቡ፦ የተሟላ ምግብ መሆኑ መጻፉን፣ ቀኑን፣ ከዚያ ፕሮቲኑንና ቅባቱን። በአሜሪካኖቹ መለኪያ ለአዋቂ ውሻ ዝቅተኛው በደረቅ ክብደት (ውሃው ሳይቆጠር) ፕሮቲን 18 በመቶ፣ ቅባት 5.5 በመቶ ነው። ይህ ወለሉ ነው፤ ፀጉሩ ለተጎዳ ከዚያ ከፍ ያለውን እመርጣለሁ። የተሟላ ምግብ ላይ ቅርፊቱም ጉበቱም አያስፈልግም።

የኩቲ ባለቤት፦
የኔዋ ግን ጾም ሆነ ፍስክ ዓመቱን ሙሉ ታካለች። እግሯን ትልሳለች፣ ጆሮዋም ይሸታል። የበሬ ሥጋ በየቀኑ ነው የምትበላው።

የመቻል አባት፦
ያ ሌላ ነገር ይመስላል። ምግብ የማይስማማቸው ውሾች ላይ በብዛት የሚገኘው ምክንያት የበሬ ሥጋ ነው፤ ወተት፣ ዶሮና ስንዴ ይከተሉታል። በምርመራ ሳይሆን በአመጋገብ ነው የሚለየው፦ በልታው የማታውቀውን አንድ ሥጋና አንድ ማባያ ብቻ፣ ቢያንስ ስምንት ሳምንት። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ የግመል ሥጋ ይገኛል፤ ግመል በድንች ሞክሩላት፤ ካልሆነ ዓሣ በድንች። በመሃል ልጆቹ ዳቦ ከወረወሩላት ልፋቱ ገደል ገባ። ከተሻላት በኋላ የበሬውን መልሳችሁ ስጧት፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ማከክ ከጀመረች ምክንያቱ ተገኘ።

ሐኪም ለጠየቃችሁ፦ ስትደውሉ «ቆዳውን ፍቃችሁ በማይክሮስኮፕ ታያላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ አንድ ቦታ መቻልን ከመኪና ሳያወርዱት መርፌ ወጉልኝ፤ በሁለተኛው ሳምንትም ደገሙት፣ ሒሳቡንም እንደዚያው። እከክ ይሁን ፈንገስ ማንም አላየም። ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም ለክትባት ምቹ ነው፤ ለቆዳ ግን መሣሪያ ያለበት ቦታ ሂዱ። መኪና ላለው ደግሞ፣ ቢሾፍቱ ውስጥ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው።

የጃክ እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በጾሙ ልኳንዳው ተዘግቶብኝ ነው የተቸገርኩት እንጂ ልብም አበስልለት ነበር።

የመቻል አባት፦
የሙስሊም ልኳንዳዎች ክፍት ናቸው፤ የሁለት ሳምንቱን ገዝተሽ ቀቅለሽ ፍሪዘር ውስጥ አድርጊው። እንቁላልም ይሠራል፣ ቀቅለሽ እንጂ ጥሬውን አይደለም፤ ጥሬው ነጩ ባዮቲን የሚባለውን ቫይታሚን ይይዝበታል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ የሚያከው የት ነው? ወገቡና ጅራቱ ሥር ከሆነ ነጭ ሶፍት አርጥበሽ ከሥሩ የምታበጥሪውን ጥቁር ትቢያ አራግፊበት። ቀይ ከሆነ የቁንጫ ኩስ ነው፣ የበላው ደም ነው የሚቀላው።

የጃክ እናት፦
አሁን አደረግሁት። ቀላ 😩

የመቻል አባት፦
እንግዲያው ዛሬ የቁንጫውን መድኃኒት፣ ነገ ኑጉን። ምንጣፉንም እጠቢው።