በርበሬ የሌለው ዶሮ ወጥ

የካዛንቺሱ፦ ትናንት ማታ አምስት ሆነን የጃፓናዊውን ዳይሬክተር የኩሮሳዋን «የደም ዙፋን» አየን፣ የሼክስፒርን ማክቤዝ ወደ ጃፓን የወሰደበትን ፊልም። ሲያልቅ አንዱ ጓደኛችን ብድግ አለና «ያምራል፣ ግን ማክቤዝ አይደለም። ሼክስፒር ያለ ቃሉ በርበሬ የሌለው ዶሮ ወጥ ነው» ብሎን ጃኬቱን አንስቶ ሄደ። እስካሁን አልበረደልኝም። ጌታውን በተኛበት የሚገድል ጦረኛ አለ፣ የምትገፋፋው ሚስት አለች፣ የሚራመድ ጫካ አለ። ምን ቀረ?

ባለጃኬቱ፦ ሰውየው እኔ ነኝ። ቃሉ ቀረ! «ነገ፣ ነገ፣ ደግሞም ነገ» የሚለው የማክቤዝ ንግግር የት ገባ? ዋናው ተዋናይ ሚፉኔ ያፈጣል፣ ይጮሃል፣ ይሮጣል፣ በቃ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ማክቤዝን ወደ አማርኛ ሲመልሰው ቃሉን ተሸክሞ ነው የመጣው። ሻንጣውን ኤርፖርት ጥሎ አልገባም።

ማሂ፦ ዶሮ አልጫ በልተህ አታውቅም እንዴ? በርበሬ የለውም፣ ወጥ ግን ነው።

ባለጃኬቱ፦ አልጫማ የታመመ ሰው ምግብ ነው።

ማሂ፦ ተው እንጂ! ሚስትየዋ አሳጂ ለጠባቂዎቹ የሚያስተኛ መድኃኒት የገባበትን መጠጥ ልታመጣ ስትሄድ አስታውስ። ጨለማው በር ውስጥ ገብታ ትጠፋለች። ከዚያ ማሰሮውን ይዛ ከዚያው ጨለማ ትወጣለች። የሚሰማው የሐር ልብሷ ወለሉን ሲጠርግ ብቻ ነው፣ ሿ ሿ ሿ። ፊቷ ላይ አንድ ነገር አይንቀሳቀስም፤ የጃፓኖቹ ጥንታዊ የኖህ ቲያትር ጭምብል ነዋ (የመርከቡ ኖህ አይደለም)። እኔ እዚያ ጋ ትንፋሼን ነው የያዝኩት።

ባለጃኬቱ፦ እሺ፣ የቀሚስ ድምፅ ግጥም ሆነ። ነገ የወንበር ሲጥሲጥታም ሶኔት ይባልልናል።

የካዛንቺሱ፦ 😂

ማሂ፦ ደግሞ «ነገ ነገ» ጠፋ ያልከው ውሸት ነው። ሦስቱ ጠንቋዮች አንድ ሆነው የለ? ያቺ ክር የምትፈትለው ነጭ መንፈስ የምትዘፍነው ምን ሆነና! የሰው ዕድሜ አጭር ነው፣ ከንቱ ነው እያለች ነው። ሐሳቡን ከማክቤዝ አፍ አውጥቶ ፊልሙ መጀመሪያ ላይ አስቀመጠው። አንተ ገና ፈንዲሻ ስትከፍት ነበር።

ባለጃኬቱ፦ ፈንዲሻውን የከፈተው የካዛንቺሱ ነው።

ጋሼ፦ ልጆች፣ ሁለታችሁም ዋናውን ነገር ዘላችሁታል። የጸጋዬን ትርጉም ተማሪ ሆኜ ነው ያነበብኩት፣ ስለ ቃል ፍቅር ማንም አይነግረኝም። ግን ጨዋታው ያለው መጨረሻው ላይ ነው። በቲያትሩ ዳንከን ደግ ንጉሥ ነው። ማክደፍ ማክቤዝን ይገድላል፣ ዙፋኑ ለዳንከን ልጅ ለማልኮም ይመለሳል። ኩሮሳዋ ጋ ግን የተገደለው ጌታ ራሱ የቀድሞ ጌታውን ገድሎ ነው የወጣው፤ አሳጂ ለባሏ በግልጽ ትነግረዋለች። ዋሺዙን፣ ማለትም የፊልሙን ማክቤዝ፣ የሚገድሉትም የገዛ ወታደሮቹ ናቸው፣ በቀስት። ንጹሕ ሰው የለም፣ የሚመለስ ሥርዓትም የለም። ከጦርነቱ በኋላ በ1957 በፈረንጅ፣ በጃፓን እንዲህ ያለ መጨረሻ መምጣቱ አይገርመኝም።

ባለጃኬቱ፦ ጋሼ እድሜ ይስጥዎት! ይኸው፣ አይደለም አሉ እኮ። ወጡ ብቻ አይደለም፣ ዶሮዋም ሌላ ናት።

ጋሼ፦ እኔ እንደሱ አልወጣኝም።

ባለጃኬቱ፦ «ንጹሕ ሰው የለም» ካሉ ማክቤዝ የለም ማለት ነው። የእሱ ወንጀል የሚከብደው ዳንከን ደግ ስለነበረ ነው።

ማሂ፦ ጋሼ፣ አሳልፈው ሰጡን።

የካዛንቺሱ፦ ቀስቱን ካነሳችሁ አይቀር፣ እነዚያ ቀስቶች እውነተኛ ናቸው። ቀስተኞች ቆመው ነው ወደ ሚፉኔ የወረወሩት። ፊቱ ላይ ያለው ፍርሃት ትወና ብቻ አይመስለኝም።

ባለጃኬቱ፦ ቃል የሌለው ተዋናይ በቀስት ካልሆነ በምን ይናገራል።

ማሂ፦ 😡 ርዕሱን እንኳ በትክክል አላየኸውም። በጃፓንኛ «የሸረሪት ድር ግንብ» ነው፣ «የደም ዙፋን» ፈረንጆቹ ያወጡለት ስም ነው። ድር ውስጥ የገባ ሰው ዘለግ ያለ ንግግር አያደርግም፣ ይንፈራገጣል። ጭጋጉ ውስጥ በፈረስ ሲመላለሱ አላየህም? ሄደው ሄደው እዚያው።

የካዛንቺሱ፦ ቅዳሜ የኩሮሳዋን «ራን» እናያለን፣ የ1985ቱን። የሼክስፒር ኪንግ ሊር ነው፣ ግን ሦስቱ ሴት ልጆች ወንዶች ሆነዋል።

ባለጃኬቱ፦ ሴቶቹንም አወጣቸው?! በርበሬው ሄደ፣ ሽንኩርቱም ተከተለ።

ማሂ፦ የታላቁን ልጅ ሚስት ካኤዴን እይና ሴት የለም በል። አማቿን እስከ መጨረሻው ነው የምትበቀለው። ደግሞ ጃኬትህን ቤት ተወው።

ባለጃኬቱ፦ አልጫ ይቀርባል?

ማሂ፦ እርድ የበዛበት።

ጋሼ፦ አልጫ ላይ እርድ አይበዛም።