«የወረቀት ፋብሪካ» የተባሉት የቼክ ዩኒቨርሲቲዎች

የዝሊኑ፦ «ቭልታቫ ዳር» የተባሉት ጸሐፊ ትናንት ስለ ቼክ ዩኒቨርሲቲዎች «ከፕራግና ከብርኖ ውጭ ያለው ሁሉ የወረቀት ፋብሪካ ነው»፣ ማለትም ዲግሪ ከማተም በቀር ፋይዳ የለውም፣ ብለው ጽፈው አለፉ፤ እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም። እ.ኤ.አ. በ1991 በፕልዘን፣ በቼስኬ ቡድዬቮቪትሴ፣ በኡስቲ፣ በኦስትራቫና በኦፓቫ ዩኒቨርሲቲዎች ሲቋቋሙ አብዛኞቹ የተነሡት ቀድሞ ከነበሩ የመምህራንና የሙያ ፋኩልቲዎች እንጂ ከባዶ ሜዳ አልነበረም።

ቭልታቫ ዳር፦ የበር ጽሑፍ መቀየር ዕድገት ከተባለ ምን እላለሁ! በ2009 ሰዎች በጥቂት ወራት የሕግ ዲግሪ ይዘው እንደወጡ የተጋለጠው በፕልዘን መሆኑን ረሱት? ያ ፋብሪካ ካልሆነ ምን ሊባል ነው?

የዝሊኑ፦ የአንድ ፋኩልቲ ጥፋት ለአገሩ ሁሉ አይተርፍም። ደግሞም ዝሊን የባታ የጫማ ከተማ ናት፣ ዩኒቨርሲቲያችንም በ2001 ራሱን ሲችል የጫማ ፋብሪካውን መሥራች የቶማሽ ባታን ስም ስለያዘ፣ ፋብሪካ መባሉን እንደ ስድብ አልቆጥረውም።

ኦሎሙች ባይ፦ ይቅርታ፣ «ያለው ሁሉ» ሲባል እኛ ኦሎሙች ከተማ ያለነውም አለንበት? ሥሩ 1573 የሚደርስ፣ በ1946 ዳግም የተከፈተ ዩኒቨርሲቲ የወረቀት ፋብሪካ ከሆነ፣ ከ1919 ወዲህ የመጣው የብርኖው ማሳሪክ ዩኒቨርሲቲ በምን መስፈርት ዳነ?

ቭልታቫ ዳር፦ ኦሎሙችን ማለቴ አልነበረም።

ኦሎሙች ባይ፦ «ሁሉ» ብለዋል እኮ።

ቭልታቫ ዳር፦ እሺ፣ ስለ አዲሶቹ ብቻ ልናገር። በ1990ዎቹ ወሊድ ክፉኛ ቀንሶ፣ ከ2010 ገደማ በኋላም የተማሪው ቁጥር ለዓመታት ወርዶ ሳለ፣ በየከተማው ለተደረደረው ወንበር ተቀማጩ ከየት ይመጣል?

የዝሊኑ፦ በቼክኛ የሚማር ሰው በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ የለበትም፤ የፕራግን የቤት ኪራይ ግን ማንም አይከፍልለትም። የአከራዬ ታላቅ ልጅ ፕራግ ሲማር ማታ ማታ ምግብ ቤት ሳህን እያጠበ ኪራዩን ይሸፍን ነበር፣ ወላጆቹን ሊጠይቅ ሲመጣም ኦትሮኮቪትሴ ላይ ባቡር ቀይሮ እኩለ ሌሊት ይደርሳል። ታናሽ እህቱ እዚሁ ዝሊን ተመዝግባ ምሳዋን ከእናቷ ጋር እየበላች ትማራለች። ተቀማጯ እንግዲህ እሷ ናት።

ቭልታቫ ዳር፦ ዩኒቨርሲቲ የሚከፈተው ልጆች ምሳ ቤታቸው እንዲበሉ ነው እንዴ?

ኦሎሙች ባይ፦ ምሳው ይቆየንና፣ «ሁሉ» ያሏትን ቃል ገና አላነሡልንም።