የወደቀ ስፒትፋየርን መልሶ ለማብረር ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ ሺት ሜታል (ካምብሪጅ አካባቢ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ የተማርኩ የሺት ሜታል (የአውሮፕላን ቆርቆሮ አካል) ቴክኒሽያን ነኝ። አሁን እንግሊዝ አገር የመንገደኛ አውሮፕላን ጥገና ላይ እሠራለሁ። ጡረታ የወጡ ባልደረቦቼ ተሰባስበው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን፣ የስፒትፋየር ማርክ 9 ስብርባሪ ገዝተዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ እንዳግዛቸው ጠይቀውኛል። ሐሳባቸው ሙዚየም ማስቀመጥ አይደለም፤ ማብረር ነው።

ስብርባሪው መጋዘን ወለል ላይ ተዘርግቷል። የፊውዝላጁ (የዋናው ቀፎ) የኋላ ግማሽ ቅርጹን ይዟል። የግራ ክንፉ መሃሉ ላይ ታጥፏል። ከቀኙ የተረፈው ቁርጥራጭ ነው። ሞተሩ ከነአፈሩ ተቀምጧል። ስኪኑን (የላይ ቆርቆሮውን) በጣቴ ጫን ሳደርገው አንዳንድ ቦታ እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረፈራል።

የትኛው ክፍል ታጥቦ ይመለሳል? የትኛውስ አዲስ ይሠራል? ዘመናዊ አውሮፕላን ላይ ኮሮዥን (ዝገት) ማንሳት የዕለት ሥራዬ ነው። ይሄ ግን ሌላ ነገር ስለመሰለኝ እጄን ከማስገባቴ በፊት ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የሀንጋር ልጅ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ድሪሉን አስቀምጠው። አንድም ሪቬት (ቆርቆሮውን የሚያያይዘውን ምስማር) አታውጣ። እያንዳንዱን ቁራጭ ባለበት ፎቶ አንሳ፣ ቁጥር ስጠው፣ መለያ እሰርበት። የተጣመመ ብራኬትም ቢሆን አይጣል። ባይበርም ለአዲሱ መለኪያ ይሆናል። ቀዳዳው የት እንዳለ፣ ውፍረቱ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው በኩል እንደታጠፈ የሚነግርህ እሱ ነው። ስዕል ላይ ያልታየ ነገር ብዙ ጊዜ ከአሮጌው ቁራጭ ላይ ይገኛል።

ቀጥሎ የአውሮፕላኑን ማንነት አረጋግጡ። የመለያ ቁጥሩን ካወቃችሁ በየክፍለ ጦሩ የነበረውን ዝውውር የሚያሳየው ፎርም 78 የሚባል ካርድ አለ። የተያዘው የእንግሊዝ አየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ነው። የስኳድሮኑን የዕለት መዝገብ ደግሞ ለንደን፣ ኪው ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ታገኙታላችሁ። ማንነቱ ያልተረጋገጠ ስብርባሪ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አይመከርም።

ተስፋ እንዳትቆርጥ አንድ ምሳሌ ልንገርህ (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፒ9374 የሚባለው ስፒትፋየር በግንቦት 1940 ፈረንሳይ፣ ካሌ ባሕር ዳርቻ ላይ አረፈ። አሸዋው ዋጠው። በ1980 ብቅ አለ። በ2011 ከደክስፎርድ ተነስቶ በረረ። በ2015 ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ። ኤን3200 የሚባለው ወንድሙም በዚያው ሰሞን ሳንጋት ዳርቻ ላይ አርፎ በ1986 ወጣ፤ በ2014 በረረ። እሱ አሁን የደክስፎርዱ ኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ንብረት ነው። ካምብሪጅ ከሆንክ ደክስፎርድ አፍንጫህ ሥር ነው። ሄደህ ሪቬት በሪቬት እየው።

መልስ፦ ሻለቃ (ጡረተኛ፣ ቢሾፍቱ)

ልጄ፣ እግዚአብሔር ይርዳህ። መልካም ሥራ ገጥሞሃል።

ስለ አሉሚኒየሙ አንድ ነገር ልጨምር። አውሮፕላኑ ሲወድቅ ተቃጥሎ ነበር ወይ? ይህን አጣራ። እሳት ያየ አሉሚኒየም ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። ቀለሙ ተነስቶ ሲወለወል ያብረቀርቃል። ጥንካሬው ግን ሄዷል። በዓይን አትፍረድ፤ የሃርድነስና የኮንዳክቲቪቲ (የጥንካሬና የኤሌክትሪክ ማስተላለፍ) ምርመራ አድርግ። በሥራ ቦታህ መሣሪያው እንደማይጠፋ እገምታለሁ።

ሪቬቱንም እወቀው። ዲዲ የሚባለውን፣ እንዳይጠነክር በቅዝቃዜ የሚቀመጠውን ሪቬት ከፍሪዘር አውጥተህ ቶሎ እንደምትመታው ታውቃለህ። የእንግሊዞቹ ኤል 37 ሪቬትም ዘመዱ ነው። ከምድጃ ወጥቶ ውኃ ከገባ በኋላ፣ ውጭ ከቆየ የሁለት ሰዓት ያህል ጊዜ ብቻ ነው የሚሰጥህ። ከዚያ ይደርቃል፤ ስትመታው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሰዓቱን የሚመዘግብ ሰው አጠገብህ ይኑር። ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ሲደክመው ነው ይህ ነገር የሚረሳው።

መልስ፦ እህታችሁ ከሃሊፋክስ

እኔ ካናዳ ነኝ፤ ሙያዬም አቪዬሽን ነው። ከዚህ ከሃሊፋክስ አጠገብ ሺርዋተር በሚባል የአየር ሙዚየም ከአገራችን የመጣ አውሮፕላን አለ። ፌሪ ፋየርፍላይ ይባላል፤ እሱም የጦርነቱ ዘመን የባሕር ኃይል ተዋጊ ነው። ካናዳ በ1950ዎቹ ፋየርፍላዮችን ለኢትዮጵያ አየር ኃይል ሸጣ ነበር። በ1993 ሁለቱ ወደ ካናዳ ተመለሱ፤ አንዱ ይሄ ነው።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የተቀመጠበት ቦታ ከወደቀበት ከፍታ ይልቅ ዕጣውን ይወስናል። ደረቅ አየር ላይ የቆመ አሉሚኒየም ብዙ ዓመት ይታገሣል። ጨው ውኃ ወይም እርጥብ ሸክላ አፈር ውስጥ የከረመ ግን ከውስጥ እየተላጠ ያልቃል። ከማግኒዥየም ቀልጦ በቅርጽ የተሠራው ዕቃ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ዱቄት ይሆናል።

እንዲበር ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው አካሉ ብዙውን መተካት እንዳለባችሁ ከአሁኑ ተስማሙ። የመጀመሪያውን አካል ማቆየት ከፈለጋችሁ መሬት ላይ ይቅር። «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን አስቡ። በ1935 አገራችን ውስጥ ተሠርታ በ2024 ከጣሊያን ተመለሰች። አንድ ለእናቱ ነችና እሷን አንድ ጊዜ ለማብረር ሲባል አካሏን መቀየር ትልቅ ጥፋት ነበር የሚሆነው። ስፒትፋየር ግን ከ20,000 በላይ ተሠርቷል፤ የሚበሩም አሉ። ስለዚህ የእናንተን ውሳኔ አልቃወምም።

ጠያቂው

ሻለቃ፣ በጣም አመሰግናለሁ፤ ዕድሜ ይስጥዎ። እህቴ፣ የፋየርፍላዩን ነገር አላውቅም ነበር፤ ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን አከራከረን። ከግራ ክንፉ ስፓር (ክንፉን ከሚሸከመው ዋና ምሰሶ) ሥሩ አካባቢ ያለው ሁለት ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ተርፏል። አንዱ ባልደረባችን አጽድተን እንጠቀምበት ይላል። ከላይ ሲታይ ምንም የለበትም። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ የሀንጋር ልጅ

አትጠቀሙበት። የስፒትፋየር ዋና ስፓር እንዴት እንደተሠራ እይ። የላዩም የታቹም ቡም (የስፓሩ ዘንግ) አራት ማዕዘን ቱቦዎች አንዱ በሌላው ውስጥ እየገቡ የተሠራ ነው። ሥሩ ጋ ብዙ ቱቦ ተደራርቦ ወፍራም ነው። ወደ ክንፉ ጫፍ ስትሄድ ጭነቱ ስለሚቀንስ ቱቦዎቹ አንድ በአንድ እያለቁ ይሄዳሉ። ግሩም ዲዛይን ነው፤ ጥንካሬው ባስፈለገበት ቦታ ብቻ ነው ክብደት የጨመሩት።

ጣጣው ግን በቱቦና በቱቦ መሃል ነው። እርጥበት እዚያ ይገባል። ላዩን ብትወለውለው የውስጡን አታይም። ዳይ ፔኔትራንትም (ስንጥቅ የሚያሳየው ቀለም) እዚያ አይደርስልህም። ፓይለቱ ጠበቅ አድርጎ ሲዞር የክንፉ ጭነት በሙሉ በዚህ ዕቃ ላይ ነው የሚያርፈው። ለባልደረባችሁ ይህን ቱቦ መጨረሻው ላይ ቆርጣችሁ አሳዩት፤ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። የቀረውን ለናሙና አስቀምጡ።

የብረት ፊቲንጎችና ፎርጂንጎች (ማያያዣዎችና ተቀጥቅጠው የተሠሩ ዕቃዎች) ግን አንዳንዴ ይተርፋሉ። የካድሚየም ልባጡን አስነስታችሁ በማግኔቲክ ፓርቲክል (ስንጥቅን በማግኔት በሚያሳየው ዘዴ) አስመርምሯቸው። ካለፉ እንደገና ይለበጣሉ።

መልስ፦ ወረቀት ይቅደም

እኔ የጥራት ቁጥጥር ሰው ነኝ፤ ከብረቱ ይልቅ ወረቀቱ ያሳስበኛል።

እንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ አውሮፕላን የሚበረው የሲቪል አቪዬሽኑ መሥሪያ ቤት ሲኤኤ በሚሰጠው ፐርሚት ቱ ፍላይ (የመብረር ፈቃድ) ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ሥራውን የሚፈርምላችሁ ፈቃድ ያለው ድርጅት ፈልጉ። ሠርታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ብትጠሩት ተሸፍኖ ያላየውን ክፍል እንዲፈታ ያደርጋችኋል፤ ልክም ነው። ለእያንዳንዱ አዲስ ዕቃ ማቴሪያሉ ከየት እንደመጣ፣ በየትኛው ስዕል እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው፣ ማን እንዳየው ይጻፍ። የአንተ ሙያ ትልቅ ዋጋ አለው፤ ፊርማው ግን የሌላ ሰው ነው።

ስብርባሪው ከእንግሊዝ መሬት የወጣ ከሆነ የቁፋሮውን ፈቃድ ጠይቁ። በ1986 በወጣው ሕግ መሠረት የወደቀ ወታደራዊ አውሮፕላን ያለበት ቦታ በሙሉ የተጠበቀ ነው። ያለ መከላከያ ሚኒስቴር ፈቃድ መቆፈር ወንጀል ነው። ሻጩ ያንን ፈቃድ ማሳየት አለበት።

ሞተሩን እናንተ አትንኩት። ሜርሊን 27 ሊትር፣ 12 ሲሊንደር ነው፤ የራሱ ስፔሻሊስቶች አሉት። ከአፈር የወጣው አብዛኛውን ጊዜ ለእይታ ነው የሚሆነው። የእንጨት ፕሮፔለር ብሌዱንም ጀርመን አገር ሆፍማን ይሠራዋል። ለሁለቱም ወረፋውን ቀድማችሁ ጠይቁ።

በመጨረሻ የጤናውን ነገር አደራ። በጨለማ የሚያበሩት የድሮ ጌጆች (የኮክፒት መለኪያዎች) ጨረር የሚያወጣ ራዲየም ቀለም አላቸው። መስታወቱ የተሰበረውን አትቧጭር፣ በአፍህ እፍ አትበልበት፤ ለይተህ አሽገው። ክንፉ ውስጥ ጥይት ካያችሁ ሁሉም ሰው ከመጋዘኑ ይውጣና ለፖሊስ ደውሉ።

መልስ፦ የሀንጋር ልጅ

አዎ፣ ይህን ሁሉ ለቡድኑ አንብብላቸው። አንተ ደግሞ ቅዳሜ ስትሄድ ፍሬም 5ን ፈልገው። ከኮክፒቱ ፊት ያለው፣ ሞተሩም ክንፉም የሚታሰርበት ፍሬም ነው። አዲሱ ፊውዝላጅ ጂግ (ቅርጹን የሚይዝ መደገፊያ) ላይ ሲሠራ ልኬቱ ሁሉ ከእሱ ነው የሚነሳው። ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንስተህ እዚህ ለጥፍልን፤ የትኛው ክፍሉ ሊተርፍ እንደሚችል አብረን እናየዋለን።