የዕቅድ ውይይት፦ ከነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የሕሙማን መንከባከቢያ ተቋም) «ይውጡ» ለሚባሉ ወላጆቻችን የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለስቴታችን የኦምቡድስማን ቢሮ፣ ማለትም ለነርሲንግ ሆም ነዋሪዎች መብት ለሚቆመውና አቤቱታቸውን ለሚቀበለው ቢሮ፣ የምናስገባው ሐሳብ በዚህ ወር ማለቅ አለበት። መነሻ እንዲሆነን ይህን ጽፌያለሁ። የማይጥማችሁን ቁረጡ፣ የጎደለውን ጨምሩ።

«በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የነርሲንግ ሆም ማሻሻያ ሕግና ደንቦቹ አንድን ነዋሪ ያለ ፈቃዱ ማስወጣት የሚቻልባቸውን ምክንያቶች በስድስት ገድበዋል። ተቋሙ ነዋሪው የሚያስፈልገውን እንክብካቤ መስጠት ካልቻለ፣ ጤናው ተሻሽሎ እንክብካቤው ካላስፈለገው፣ የሌሎች ደህንነት አደጋ ላይ ከወደቀ፣ የሌሎች ጤና አደጋ ላይ ከወደቀ፣ በቂ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ክፍያ ካልተከፈለ፣ ወይም ተቋሙ ከተዘጋ። አስቸኳይ ጉዳይ ካልሆነ በቀር የ30 ቀን የጽሑፍ ማስታወቂያ ግድ ነው። ማስታወቂያው ነዋሪው በሚገባው ቋንቋ ይጻፋል፤ ቅጂውም ለኦምቡድስማን ይላካል። የእኛ ጥያቄ ይህ የቋንቋ መብት ለአማርኛ ተናጋሪዎችም በተግባር እንዲከበር ነው።»

ነርስ ረዳት የሆነች አባል፦
እጅሽ ይባረክ እህቴ። ሕጉን በደንብ አስቀምጠሽዋል። ግን የእኛ ሰው ግራ የሚጋባው ሌላ ወረቀት ላይ ነው። በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁትን ልንገራችሁ።

እናት ወድቀው ዳሌያቸው ይሰበራል። ከሆስፒታል ለማገገም ወደ ነርሲንግ ሆም ይመጣሉ። ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት የጤና መድን፣ ቢበዛ እስከ 100 ቀን ይሸፍናል። የመጀመሪያዎቹን 20 ቀናት ሙሉ በሙሉ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ ነዋሪው በየቀኑ ድርሻውን እየከፈለ። 100 ቀን ሳይሞላም «ከዚህ በላይ የባለሙያ ሕክምና አያስፈልግም» ከተባለ ሽፋኑ ይቆማል። ይህን የሚገልጸው ወረቀት ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ይሰጣል። ቤተሰብ ይፈርማል። ከዚያ የመውጫ ቀን ተቆርጦ የተነገረው ይመስለዋል።

አንዷን ልጅ አልረሳትም። የእናቷን ቀሚሶች አጣጥፋ ሆስፒታል በሚሰጠው የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ትከታለች። ነጠላውን እንዳይጨማደድ ከላይ አድርጋዋለች። የፈረመችበት ወረቀት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። የይግባኝ ስልኩ እዚያው ላይ አለ፤ ሽፋኑ ከሚያበቃበት ቀን በፊት ባለው ቀን እስከ እኩለ ቀን መደወል እንደሚቻልም ተጽፏል። በአማርኛ ያነበበላት ግን አልነበረም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህ ይግባ፦ የሜዲኬር ክፍያ መቆምና ከነርሲንግ ሆም መውጣት ለየቅል ናቸው። ወረቀቱ ላይ መፈረምም መቀበላችንን እንጂ መስማማታችንን አያሳይም። ከዚያ በኋላ ማን ይከፍላል የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። የሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጥ የመንግሥት የጤና መድን) ማመልከቻ ከነሙሉ ሰነዱ ገብቶ ውሳኔ እየተጠበቀ ሳለ ግን «አልከፈላችሁም» ብሎ ማስወጣት አይቻልም።

የሽማግሌዎች ተወካይ፦
ልጄ፣ ተባረኪ። እኔ ደግሞ የሆስፒታሉን ጉዳይ ጨምሩልኝ። ታላቅ ወንድሜ በሌሊት ታመመና በአምቡላንስ ተወሰደ። ሲሻለው የነበረበት ነርሲንግ ሆም «አልጋው ተይዟል» አለን። እኛም አንገታችንን ደፍተን ሌላ ቦታ ስንፈልግ ከረምን። ለካስ ወደ ሆስፒታል ሲልኩት አልጋው ለስንት ጊዜ እንደሚጠበቅለት በጽሑፍ ሊሰጡን ይገባ ነበር። ያ ጊዜ ቢያልፍ እንኳ አሁንም እንክብካቤው ካስፈለገው መጀመሪያ ወደሚገኘው አልጋ የመመለስ መብት አለው። «አንመልሰውም» ማለትም በሕግ ፊት እንደ ማስወጣት ነው የሚታየው፤ ምክንያትና ማስታወቂያ ይፈልጋል፣ ይግባኝም ይባልበታል። ይህን የሚነግረን አንድ ሰው አጣን።

ገንዘብ ያዡ፦
ጋሼ፣ ያሳዝናል። ታዲያ ጠበቃ ብንቀጥር አይሻልም? ካዝናችን ብዙ ባይሆንም መነጋገር እንችላለን።

ጸሐፊዋ፦
ጠበቃ ለሚያስፈልገው ጉዳይ ነፃ የሕግ ድጋፍ ሰጪዎችን እንጠይቃለን። የኦምቡድስማን አገልግሎት ነፃ ነው፤ የነዋሪውንም ምስጢር ይጠብቃል። ገንዘባችንን ለትርጉምና ለኅትመት ብናውለው ይሻላል ባይ ነኝ።

ነርስ ረዳቷ፦
እስማማለሁ። አንድ ነገር ግን አደራ። እኔን መሰል ብዙ አባላት በነርሲንግ ሆም ነው የምንሠራው። የነዋሪዎችን ስምና የሕክምና ጉዳይ ከሥራ ቦታ ይዘን መምጣት አንችልም። ሕግም ነው፣ እንጀራችንም ነው። እርዳታ የሚጠይቀው ራሱ ነዋሪው ወይም ቤተሰቡ ይሁን። የእኛ ድርሻ ሰዉን ማሠልጠን ነው።

አንዲት አዲስ አባል፦
የ30 ቀኑ ማስታወቂያ ሲመጣስ ምን እናድርግ? እናቴ እዚያው ናት።

ጸሐፊዋ፦
አይዞሽ የኔ እህት። መጀመሪያ ምክንያቱን እዪ፣ ከስድስቱ አንዱ መሆን አለበት። የሚወጡበት ቀንና የሚሄዱበት ቦታ፣ የይግባኝ መብታቸውና የኦምቡድስማን አድራሻ መጻፍ አለባቸው። የጎደለ ካለ ለኦምቡድስማን ንገሪ። ከመውጫው ቀን በፊት ይግባኝ ካስገባችሁ፣ መቆየታቸው አደጋ ያመጣል ካልተባለ በቀር፣ ውሳኔው እስኪሰጥ አያስወጧቸውም። ብቻሽን አትሂጂ፤ ሰው አብሮሽ ይመጣል።

እንግዲህ ረቂቁን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦

«ማኅበራችን ሁለቱን ወረቀቶች፣ የሜዲኬር ክፍያ መቆሙን የሚገልጸውንና የ30 ቀኑን የመውጫ ማስታወቂያ፣ ለይቶ የሚያስረዳ ባለ አንድ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ያዘጋጃል። ወደ ሆስፒታል ስለሚላኩ ነዋሪዎችም በጀርባው ይጻፋል። ቢሮው ጽሑፉን አይቶ እንዲያርምልን፣ አማርኛ ተናጋሪ ሲደውል አስተርጓሚ እንዲያቀርብ፣ ወደ ነርሲንግ ሆሞች ሲሄድም የማስታወቂያውን ቋንቋ እንዲከታተል እንጠይቃለን። በእኛ በኩል ቤተሰብ ወደ ስብሰባ ሲጠራ አብረው የሚገቡ በጎ ፈቃደኞችን እናሠለጥናለን።»

ነርስ ረዳቷ የጽሑፉን ቃላት ከእኔ ጋር ታያለች። ጋሼ የአልጋውን ክፍል ያንብቡልን፤ ለሽማግሌዎች የማይገባ ቃል ካለ ያውጡት። ገንዘብ ያዡ የኅትመት ዋጋ ይጠይቅ። ተቃውሞ ያለው እስከ እሑድ ይጻፍ፤ ከሌለ ሰኞ ይላካል።